በጅሮንድ ይድነቃቸው የእድሩን ብረት የበየዱበት ዘመቻ ዜና

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ ጥር፤ ሐጂ አብዶ በወፍጮ ቤት ሰፈር እድር ሊቀ መንበርነት በተቀመጡ በዘጠነኛው ዓመት፣ የሰፈሩ ድንጋይ ንጣፍ መንገድ ተጀምሮ በቀረ በአራተኛው ዓመት፣ ጀግናችንም ከወልቂጤ ተዛውረው ቡታጅራ በገቡ በአሥራ አንደኛው ዓመት፤ ንጽሕፍ ዜናሁ ለበጅሮንድ ይድነቃቸው፤ የፋይል ጌታ፣ የማኅተም ጠባቂ፣ የመጋዘን ቁልፍ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ፣ በመሥሪያ ቤታቸው አንድ ወንበር ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወር ሦስት ፊርማ ካላዩ የማያሳልፉ የዚያን ታላቅ ሰው ዜና እንጽፋለን።

በጅሮንድ የሚለውን ማዕረግ የሰጣቸው ንጉሥ የለም። የእድሩ ንብረት ክፍል ኃላፊ ስለሆኑ ይህ ጸሐፊ በገዛ እጁ ሾማቸው። ጸሐፊውና በጅሮንዱ ደግሞ አንድ ሱሪ የሚለብሱ፣ በአንድ ጭንቅላት የሚያስቡ፣ አንዲት ሚስት የምትቆጣቸው አንድ ሰው ስለሆኑ፣ ውዳሴው ሲበዛ አንባቢ ምክንያቱን ይረዳል። ነቀፋው ሲበዛም እንደዚያው ነው።

የዘመቻው መነሻ እንዲህ ነበረ። በአንዲት እሑድ፣ የእድሩ ንብረት ከለቅሶ ቤት ተመልሶ በመጋዘኑ ደጅ እንደ ተራገፈ፣ ያመጣው አይሱዙ ሊዞር ፈለገ፤ በጅሮንድም ከኋላው ቆመው፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ ና፣ ና፣ ና እያሉ መሩት፤ እርሱም ታዛዥ መኪና ነበረና መጣ፤ መጥቶም በተከመረው ብረት ላይ ወጣ። ስድስት የድንኳን ቧንቧዎች ከመገጣጠሚያቸው ተላቀቁ፣ የአራት አግዳሚ ወንበሮች እግር ተገነጠለ፣ መቶ ሰው የሚያበላውን ድስት የሚሸከመው ባለሦስት እግር ማስቀመጫም አንድ እግሩን አጣ። ሁሉም የሆነው የሐጂ አብዶ ልጅ ሰፍያ ኒካህ ሊታሰር ሰባት ቀን ሲቀር ነው፤ ኒካሁም የሚታሰረው በዚያው ድንኳን ሥር ነበረ።

በዚያ እድር ንብረት ያበላሸ ሰው ይቀጣል። ሙባሪክ ባለባጃጁ ባለፈው ዓመት አንድ ጀበና ሰብሮ በጉባኤ መካከል ቆሞ ተወቅሷል፣ ተቀጥቷልም። በጅሮንድም የሚመጣባቸውን ለመቀበል አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ሐጂ አብዶ ግን በሕዝቡ ፊት ተነሥተው የሚከተለውን አወጁ፦

«ሰዎች፣ ስሙኝ። ብረት ነው፣ ይጠገናል። አቶ ይድነቃቸውን አንድ ሰው ክፉ ቃል እንዳይናገራቸው። እሳቸው እንግዳ ናቸው። እንግዳ አይወቀስም፣ አይቀጣም። አላህ ከዚህ የባሰውን አያምጣብን።»

ሕዝቡም ተስማማ። ይህ ምሕረት ግን የበጅሮንድን ልብ ወጋው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ ተቀምጠዋል፤ በዒድም በመስቀልም ከቤት ቤት ዞረዋል፤ የአገሬውን የመስቃንን ሰላምታ በተሰባበረ አንደበት ለምደው ሰው አስቀውበታል፤ ሁለት ልጆች ወልደውበታል። ሆኖም ድንኳን ሲተከል ለሌላው ገመድ ይሰጠዋል፣ ለእሳቸው ወንበር ይቀርብላቸዋል። ሲያረፍዱ የሚቆጣቸው፣ ሲቀሩ የሚጠይቃቸው የለም። ይህ ለሰው እንዴት እንደሚከብድ ያልቀመሰው አያውቀውም፤ በጅሮንድ ግን በየእሑዱ ይቀምሱት ነበርና፣ ያን ቀን ዝም ማለት አቃታቸው።

ስለዚህም በዚያው ጉባኤ እንዲህ ብለው አወጁ፦ «ይህን ብረት ሌላ ሰው አይነካውም። እኔ አበላሽቼዋለሁ፣ እኔው በእጄ እበይደዋለሁ። እሑድ ጠዋት ድንኳኑ ቆሞ ታገኙታላችሁ።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ በጅሮንድ ከብረት ጋር የነበራቸው ዝምድና በስቴፕለር በኩል ብቻ ነበረ።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ሌላ ጀግና ቢሆን ወደ ጦር ሜዳ ይወርዳል፤ በጅሮንድ ግን ወደ ግዢ ሂደት ገቡ። ሰኞ የግዢ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሰብሳቢውም ጸሐፊውም ራሳቸው፣ አባሉ ደግሞ ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ሽባባው ነበሩ። ማክሰኞ እየቀለጠ ብረት ለሚያያይዘው ዘንግ፣ ለኤሌክትሮድ፣ ዝርዝር መግለጫ አወጡ። ረቡዕ ከሦስት ሱቆች ሦስት ፕሮፎርማ ሊሰበስቡ ወጡ፤ ከሱቆቹም አንዱ የወይዘሮ ሃሊማ ነበረ። ወይዘሮ ሃሊማ ባላቸው በያጅ ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ ማሽኑንም ደንበኛውንም ተረክበው ይኸው ሃያ ዓመት ይበይዳሉ፣ ይሸጣሉም። ወረቀቱን አገላብጠው አይተው ከባንኮኒው ኋላ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ወንድሜ፣ ኤሌክትሮድ በወረቀት አይገዛም። ብረቱን ያምጡልኝና ልየው። ስስ ይሁን ወፍራም ሳላውቅ ምን ብዬ ልስጥዎት?»

በጅሮንድ ግን ይህን እንደ አሠራር ጉድለት ቆጥረው አለፉት። ከዚያም ከመምህር ሽባባው ጋር በቃለ ጉባኤ መከሩ። ለስሱ ብረት አንድ፣ ለመካከለኛው ሌላ፣ ለወፍራሙ ሌላ ኤሌክትሮድ መግዛት በብረቶች መካከል አድልዎ መፍጠር ነው፤ በንብረት ካርድም ላይ ሦስት መስመር ያስይዛል። ስለዚህ ሁሉም ብረት በእኩልነት በአንድ ዓይነት ይበየድ፤ ያም ባለአራት ሚሊሜትሩ፣ በሱቁ ካሉት ሁሉ ወፍራሙ ይሁን፤ ትልቅ ካፖርት ትልቁንም ትንሹንም ሰው ያለብሳልና። እንዲህ ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የብየዳ ማሽኑንም በክብደቱ መረጡት። በሆሳዕና መንገድ ካለ ጋራዥ፣ በመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ፣ ሦስት ሰው ተጋግዞ የሚያነሣውን አሮጌ ትራንስፎርመር ተከራዩ። በጅሮንድ አንድ ጊዜ ሊያነሡት ሞክረው ወገባቸው ሲንቋቋ፣ እውነተኛ ማሽን መሆኑን በዚያው አረጋገጡ።

ሐሙስ ጠዋት ሠራዊቱ ተንቀሳቀሰ። በፊት የሄደው ፊታውራሪ ሙባሪክ ነው፤ ማሽኑን ከባጃጁ ኋላ ስለጫነ የፊት ጎማው በየጉብታው ከመሬት እየተነሣ፣ መሪውን የሚያዞረው በአየር ላይ ነበረ። በቀኝ መምህር ሽባባው፣ ሜትራቸውን እንደ በትረ ሥልጣን ይዘው፤ በግራ ሱራፌል የባንክ ዘበኛው፣ የሃምሳ ሜትር ገመድ በትከሻው ጠምጥሞ፣ ፈረቃው ሳይደርስ ያለውን ሰዓት ለአገር ሰጥቶ፤ በመካከል ራሳቸው በጅሮንድ፣ የልጃቸውን የፀሐይ መነጽር አድርገው፣ አራት ፓኬት ኤሌክትሮድ በብብታቸው ሸጉጠው፤ ከኋላም የማንም ያልሆነ ውሻ። የበያጅ ማስክ ግዙ ያላቸው ሰው ነበረ። በጅሮንድ ግን ማስኩ በመግለጫው ውስጥ አልተካተተም ብለው መለሱለት።

ማሽኑ ከበጅሮንድ ቤት ቆጣሪ ጋር ተገናኘ። የአምፔሩ መዘውር እስከ ጥጉ ተዞረ። ሕዝቡ ከአጥር ኋላ ቆሞ ሲያይ፣ በጅሮንድ ኤሌክትሮዱን በመጀመሪያው የድንኳን ቧንቧ ላይ አሳረፉ። ብርሃን ሆነ። ብርሃኑ ሲያልፍ በመገጣጠሚያው ፋንታ ቀዳዳ ተገኘ፤ ቧንቧው ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል የማይበልጥ ስስ ነበረና ቀልጦ ወርዶ ነበር። በጅሮንድም አልሸሹም፤ ቀዳዳውን ሊደፍኑ ሁለተኛ ኤሌክትሮድ ሰደዱ፤ ቀዳዳው ሰፋ። ሦስተኛ ሰደዱ፤ በወዲያኛው በኩል ወጣ። መምህር ሽባባው ቀዳዳውን በሜትር ለክተው መዘገቡ። በዚህ አኳኋን አንድ ረፋድ ሳይሞላ አራት ቧንቧዎች ዋሽንት ሆኑ።

በጅሮንድም፣ ስስ ብረት ለጀግና አይመጥንም ብለው፣ ወደ ወፍራሙ የድስት እግር ዞሩ። ማሽኑ ያንን ሲነካ ያለ የሌለውን ኮረንቲ ጠራ፤ በምሰሶው ላይ ያለው ሽቦ ቀልቶ፣ ጨሶ፣ ተበጠሰ። ወኮነ ድንጋፄ ዐቢይ በኵሉ ሰፈር፤ ታላቅ ድንጋጤም ሆነ፤ አሥራ ሰባት ቤቶች ያለ ኮረንቲ ቀሩ፤ የሰፍያን የሠርግ ልብስ ይሰፋ የነበረው የልብስ ሰፊው ማሽንም አንዱን እጅጌ ጨርሶ ሁለተኛው ላይ ቆመ።

ሐጂ አብዶም ጩኸቱን ሰምተው ከቤታቸው መጡ፤ ቧንቧዎቹን አዩ፣ ምሰሶውን አዩ፣ እንባቸው የሚወርደውን በጅሮንድ አዩና ለተሰበሰበው ሰው በረጋ ድምፅ እንዲህ አወጁ፦

«ማንም አንድ ቃል እንዳይናገራቸው። እንግዳ ናቸው፣ ከየት ያውቁታል? ድንኳን ከእንሴኖ እንዋሳለን፤ ካልሆነም ከቆሼ። አቶ ይድነቃቸው፣ እርስዎ ገብተው ይረፉ። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልተጎዳም።»

በጅሮንድ ያን ጊዜ ዱላ ቢቀምሱ፣ ስድብ ቢጎርፍባቸው ይመርጡ ነበር። የመብየጃው ጨረር ዓይናቸውን አሸዋ የሞላበት አስመስሎት ነበረ፤ ይህ ቃል ግን ከዓይናቸው ይልቅ አቃጠላቸው። አልጋቸው ላይ ተጋድመው፣ ቁራጭ ድንች በሁለት ዓይናቸው ላይ ተለጥፎ፣ ማንንም ሳያዩ ሲተክዙ፣ ባለቤታቸው እቴጌ እየሩስ ከራስጌያቸው ቆመው የቤቱን አዋጅ አወጁ፦

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ያለ የፀሐይ መነጽር ሁሉ ተወርሷል። ነገ ጠዋት ተነሥተህ እትዬ ሃሊማ ጋ ትሄዳለህ። ፕሮፎርማ አትይዝም። የተቃጠለውን ቧንቧ፣ የአግዳሚውን እግርና የድስቱን እግር ትይዛለህ። ሲናገሩህ ዝም ትላለህ። ኮሚቴህም ከቤቱ ይቀራል።»

ወበሳኒታ፣ ዓርብ ጠዋት፣ በጅሮንድ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ሦስቱን ብረት በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው፣ ያለ አጃቢ፣ ያለ ማኅተም፣ በወይዘሮ ሃሊማ ሱቅ ደጅ ቆሙ። ወይዘሮ ሃሊማ ቧንቧውን ተቀብለው ጠርዙን በአውራ ጣት ጥፍራቸው ዳሰስ አደረጉት፤ በጥፍራቸው ነበር ውፍረት የሚለኩት። ከዚያም ቀዳዳውን በዓይናቸው ላይ አድርገው በጅሮንድን በቀዳዳው ውስጥ አዩአቸው። ለረጅም ጊዜ ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱም ወንበር ሳያቀርቡላቸው ሕጋቸውን ደነገጉ፦

«ይኸውልህ፣ ብረት ሁሉ አንድ አይደለም። ይሄ ቧንቧ ስስ ነው። ለሱ ባለሁለት ሚሊው ኤሌክትሮድ ነው፤ አምፔሩን አርባ አምስት፣ ቢበዛ ሃምሳ ላይ አድርግ። ደግሞ አትጎትተው። ነጥብ አድርግ፣ ተው፣ ይቀዝቅዝ፣ ሌላ ነጥብ አድርግ። የአግዳሚው እግር አንግል ብረት ነው፣ አራት ሚሊ ይሆናል። ለሱ ባለሦስት ነጥብ ሁለት ሚሊውን ያዝ፣ አምፔሩን መቶ አሥር አካባቢ። ይሄ የድስቱ እግር አሥር ሚሊ ነው። ለሱም ያው ሦስት ነጥብ ሁለት ይበቃል፤ ግን መጀመሪያ ጫፉን በግራይንደር ሸርሽረህ ቦይ አብጅለት። አንዴ ሙላው፣ ቅርፊቱን በመዶሻ አራግፍ፣ ሁለተኛ ደርብ፣ ሦስተኛ ደርብ። አራት ሚሊውን ለድልድይ ሠሪ ተውለት። ማሽን ደግሞ ይቺ ትንሿ ኢንቨርተር ትበቃሃለች፣ የቤት ኮረንቲ የሚችለው እሷን ነው። ያንን ግንድ ለባለቤቱ መልስለት።»

በጅሮንድም ማሽኒቱን አዩ። የምሳ ዕቃ የምታክል፣ በአንድ እጅ የምትንጠለጠል ነበረች፤ በእሷ አፈሩ፤ ባለፈው ቀን ግን በዚያ ግንድ አላፈሩም ነበር። ወይዘሮ ሃሊማ የሟች ባላቸውን ማስክ ከግድግዳ አውርደው፣ አቧራውን በነጠላቸው ጠርገው ሰጧቸውና በውራጅ ብረት ላይ እንዲለማመዱ አዘዙ። እሳቸው ለጁምዓ ሱቁን ዘግተው ሲሄዱ በጅሮንድ በደጁ ላይ ተንበርክከው ይበይዱ ነበር፤ መስጊድ ደርሰው ሲመለሱም እዚያው አገኙአቸው። ወይዘሮ ሃሊማ መዶሻ አንሥተው የሠሩትን አንድ በአንድ መቱ። ሰባቱ ተሰበሩ። ስምንተኛው አልተሰበረም፤ ደግመው መቱት፣ አሁንም አልተሰበረም። ምንም ሳይናገሩ መዶሻውን አስቀመጡ። በጅሮንድ በመንግሥት ሥራ ዘመናቸው ከተቀበሉት የምስጋና ደብዳቤ ሁሉ ይህ ዝምታ በለጠባቸው።

ወበዕለተ ቀዳሚት፣ ኮረንቲ ተጠግኖ ሲመጣ፣ ሁለተኛው ውጊያ ተጀመረ። በጅሮንድ የተበሱትን ጫፎች ቆርጠው ጣሉ፤ ቧንቧዎቹን በባለሁለት ሚሊው፣ በአርባ አምስት አምፔር፣ ነጥብ እያደረጉ፣ እየተዉ፣ እያቀዘቀዙ ገጠሙ። ስሱ ብረት እንደዚያ ሲለምኑት ይሰማ ነበረ። የአግዳሚዎቹን እግር በመቶ አሥር ያዙ። የድስቱን እግር ሸርሽረው ሞሉ፣ አራገፉ፣ ደረቡ፣ አራገፉ፣ ደረቡ። የብየዳው መልክ እንደ ጉንዳን ሰልፍ እየተጠማዘዘ ይሄድ ነበረ፤ ይህን ጸሐፊው አይክድም። መምህር ሽባባው በመዶሻ መቱት፤ ሱራፌል በአግዳሚው ላይ ቆሞ ዘለለበት፤ ሙባሪክ፣ እንደሚሰበር እርግጠኛ ሆኖ፣ ባጃጁን አምጥቶ የፊት ጎማውን በድስት ማስቀመጫው ላይ ጫነው። ጸና። ከእንሴኖ የሚመጣው ድንኳን እንዳይመጣ ለሐጂ አብዶ ተላከላቸው።

እሑድ ድንኳኑ ቆመ። እርግጥ ነው፣ ጫፋቸው የተቆረጠው አራት ቧንቧዎች በስንዝር አጥረው ስለነበር፣ ድንኳኑ በመግቢያው በኩል ዝቅ ብሎ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ረጃጅም የሙሽራው ወገኖች ሁሉ አጎንብሰው ገቡ፤ ይህም ለሥነ ሥርዓቱ ትሕትና ጨመረለት። ኒካሁ ታሰረ። ሰፍያም ሁለቱም እጅጌው በሰዓቱ በደረሰላት ልብሷ አማረች። መቶ ሰው የሚያበላው ድስት እየተንተከተከ፣ በጅሮንድ ከመዓዱ ርቀው ቆመው፣ ከድስቱ እግር ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ አንድ ጉርሻ ሳይቀምሱ ዋሉ። ድስቱ ባዶ ሆኖ ሲወርድ ብቻ ተነፈሱ።

በወሩ መጨረሻ እሑድ ጉባኤ ተቀመጠ። በጅሮንድ ምስጋና እንደሚጠብቃቸው ጠርጥረው ካፖርታቸውን ለብሰው፣ መልስ የሚሆን አጭር ንግግር በኪሳቸው ይዘው መጡ። ሐጂ አብዶም ተነሥተው አወጁ፦

«ዛሬ የምናገረው ስለ ይድነቃቸው ነው። ስማ፣ አንደኛ፣ አይሱዙውን ና፣ ና ብለህ ብረታችን ላይ ያወጣኸው አንተ ነህ። ሁለተኛ፣ ሰፈሩን ሁለት ቀን ያለ ኮረንቲ አዋልከው። ሦስተኛ፣ አራት ቧንቧ አሳጠርክ፤ ወላሂ፣ አማቾቼ አጎንብሰው ነው የገቡት። እስካሁን እንግዳ ነው እያልን አለፍንህ። እንግዳ ቢሆን ግን ሐሙስ ዕለት ቤቱ ገብቶ ይቀር ነበር። ዓይንህ ተቃጥሎ፣ ሰው ስቆብህ፣ ተመልሰህ መጥተህ ጨረስከው። እንዲህ የሚያደርገው የቤት ሰው ነው። የቤት ሰው ደግሞ ሲያጠፋ በደንቡ ይቀጣል። ትቀጣለህ። ከነገ ጀምሮም ስምህ ከድንኳን ተካዮቹ ጋር ይጻፋል። ማንም አይማልድለት።»

ማንም አልማለደላቸውም። ሙባሪክ ከኋላ ሆኖ ቅጣቱ ያንሳል ሲል ተሰማ። በጅሮንድ ቆመው መቀጮአቸውን በሰው ሁሉ ፊት ከፈሉ፤ ደረሰኙንም በሦስት ኮፒ ጠየቁ። ወተፈሥሐ ልቡ፤ ልባቸውም እጅግ ደስ አላት። ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ሲጠርጉ ሕዝቡ የብየዳው ጨረር ትራፊ መሰለው፤ እሳቸውም እንዲመስለው ተዉት። በኪሳቸው ያለው ንግግር ሳይነበብ ቀረ።

እነሆ እንግዲህ፤ በአርባ አምስት አምፔር የጸኑ፣ በመቶ አሥር ያልሸሹ፣ ስሱን በትዕግሥት፣ ወፍራሙን በድርብርብ ያሸነፉ፣ ዋሽንት የሠሩና ዋሽንቱን ቆርጠው የጣሉ፣ ኮሚቴን ያቋቋሙና ኮሚቴን በቤት የተዉ፣ በሕዝብ ፊት የተወቀሱ፣ በደንቡ መሠረት የተቀጡ፣ ባለደረሰኙ በጅሮንድ ይድነቃቸው ስማቸው ከቡኢ እስከ ቆሼ ይጠራ፤ ገድላቸውም በመጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍ፤ ወይዘሮ ሃሊማም ማስኩን እንዲያስቀሩት ይፍቀዱላቸው፤ ዘራቸውም እንደ…

ጸሐፊው ውዳሴውን ሊጨርስ አልቻለም። ገና ጎሕ ሲቀድ የእድሩ ለፋፊ ጥሩምባውን ነፍቶ፣ በላይኛው መንገድ አንዲት እናት ማረፋቸውን ለሰፈሩ ተናግሮ፣ አሁን በዚህ በር ላይ ቆሞ እያወጀ ነው፦

«ድንኳን ተካዮች፦ ሙባሪክ፣ ሱራፌል፣ ዑመይር፣ ይድነቃቸው። ይድነቃቸው፣ ቁልፉ አንተ ጋ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ? ሰው ሁሉ ወጥቷል።»